የመስቀል ወፍ በኅዳር

ባልንጀራዬ የደወለልኝ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። አዲስ አበባ ገና ከጭሱ አልወጣችም። ሰፈራችን እንደ ልማዱ ያረጀ ፍራሹን፣ የተቀደደ ጫማውንና የዓመት ጥራጊውን ደጅ አውጥቶ ኅዳርን ሲያጥን፣ እኔም ከነጉሮሮዬ አብሬ ታጥኜ አድሬያለሁ።

«ቅዳሜ መናገሻ ሱባ እንሂድ» አለኝ።

«ምን ተገኘ?»

«ወፍ እናያለን።»

ይህ ሰው ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ድምፁን አሰምቶኝ አያውቅም። ቤቱ ከቤቴ ሁለት ታክሲ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ምን እያልን እንደምንወቅሰው ታውቃላችሁ፤ እኔም አልቀረሁበትም። «አንተ የመስቀል ወፍ! በኅዳር ምን አመጣህ?» አልኩት። ሳቀና ነገሩን አስረዳኝ። ወንድሙ ከውጭ ሲመጣ ባይኖኩላር አምጥቶለታል። ባይኖኩላር ያለው ሰው ደግሞ የሚያየው ነገር መፈለጉ አይቀርም። በረንዳው ላይ ቆሞ ሲሞክረው የጎረቤቱ አባወራ አይቶት ሽማግሌ ልኮበታል። ስለዚህ ያለው አማራጭ ጫካ ነው።

እኔስ ምን አገባኝ? ሐኪም። ስኳሬን ለክቶ «በእግርህ ሂድ» ካለኝ ስድስት ወር አልፎኛል፤ እስካሁን የሄድኩት እስከ ሱቁ ነው።

ባለቤቴ ስልኬን ለሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲጮኽ ስሞላ አየችኝ። «ወፍ ለማየት? እዚህ ጣሪያችን ላይ የሚያስነሳን ታዲያ ምንድን ነው?»

እውነቷን ነው። ጋጋኖ ጎረቤታችን ነው። ንጋት ላይ የእድር ሒሳብ እንዳልተወራረደላቸው ሰዎች እየተጯጯኸ በጣሪያችን ላይ ያልፋል። ቀን ደግሞ ያንን ረጅም ቆልማማ ምንቃሩን ሜዳው ሣር ውስጥ እየሰካ ትል ሲለቅም ይውላል። ይህን ወፍ ለማየት ሰዎች ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ ብላት ባለቤቴ አታምነኝም፤ ግን ይመጣሉ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር ጋጋኖ የትም የለም። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስማ በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኙት ጋር ይቆጠር ነበር። ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን ግን ጋጋኖ አንዲት ላባውን ሳያንቀሳቅስ ከዝርዝሩ ወጣ። ወሰን ሲቀየር ወረቀቱ የሚበላሽበት ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ግን የባሰች ናት። ያለችው ይፋት ነው፤ ዓርብ ዓርብ ማታ እደውልላታለሁ። «ነገ ወፍ ላይ ልውል ነው» ስላት ዝም አለች። ከዚያ፣ «የማንን ማሳ?» አለችኝ።

አልፈርድባትም። በእኛ ቤት አማርኛ ወፍ ማየት የሚባል ሥራ የለም፤ ያለው ወፍ መጠበቅ ነው። እርሱን ደግሞ ከ7 ዓመቴ ጀምሮ ሠርቼበታለሁ። ማሽላው እሸት ይዞ ወተቱ ሲሞላ ማሳው መሀል በአራት እንጨት ላይ ማማ ይሠራልን ነበር። ወፍ ሳይንጫጫ እዚያ ላይ እንወጣለን። ጠጠራችንን ከምረን፣ ወንጭፋችንን ጣታችን ላይ ጠምጥመን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ «ሃይ! ሃይ!» ስንል እንውላለን። ግሪሳ የመጣ ቀን ወንጭፍ ምንም አይፈይድም፤ ቆርቆሮ እየደበደብን ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ስንሮጥ ምላሳችን ይወጣል። እነዚያ ቡናማ ወፎች ዛላው ላይ ጥቅጥቅ ብለው ሲያርፉ የማሽላው አንገት ይጎብጣል። በ40 ክንድ ርቀት አንዱን ወፍ ለይቼ እመታ ነበር ብዬ ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። የመታሁት ባብዛኛው ማሽላውን ነው።

አንድ ወፍ ብቻ ክልክል ነበር። በመስከረም ማሳው ጥግ ላይ እሳት መስሎ ብቅ የሚለው፣ ቀይና ጥቁር ለባሹ የመስቀል ወፍ። እርሱ ማሽላ ላይ ቢያርፍ እንኳ «ተው፣ የበዓል ነው» ትላለች እናቴ። እኛም ወንጭፋችንን ዝቅ እናደርጋለን። በዓሉ ሲያልፍ ወፉም ይጠፋል፤ የት እንደሚሄድ ጠይቀን አናውቅም። የመስቀል ወፍ አይደል? መጥፋት ሥራው ነው።

ቅዳሜ በሰበታ በኩል ስንወጣ ገና ጨለማ ነበር። መጻሕፍቱ ይህን ወቅት መጸው ይሉታል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። በፈረንጆቹ አገር በዚህ ጊዜ ቅጠሉ ቀልቶ ይረግፍና ጫካው ይራቆታል። የእኛ ጽድና ዝግባ ግን ምንም እንዳልሰማ አረንጓዴውን ለብሶ ይቆማል፤ በእኛ አገር የሚራቆተው ማሳው ነው። ሲነጋ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ግማሹ ታጭዶ፣ ነዶው በየቦታው ተጋድሞ፣ ውርጩ እላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ታየን። ባልንጀራዬ የመኪናውን ማሞቂያ ከፈተ። የመኪናው ማሞቂያ ቀዝቃዛ ነፋስ ሰጠን።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢኬድ ነው ጫካው፤ የወጨጫ ተራራን ጎን ይዞ እስከ አናቱ ይወጣል። በሩ ላይ የጠበቀን አስጎብኚ የአካባቢው ልጅ ነው። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ወፎቹ የእንግሊዝኛ ስም ያለ ፍሬን ይሻገራል። መጀመሪያ ያየው እኛን ሳይሆን የባልንጀራዬን ጃኬት ነው። ጃኬቱ ቀይ ነው፤ እንደ ትራፊክ መብራት የሚጮኽ ቀይ።

«ጋሼ፣ ይህ ይገለበጣል?»

ተገለበጠ። ገበሩ አፈር የመሰለ ቡናማ ነበር፤ ባልንጀራዬ የሚስቱን ምርጫ ለብሶ መጥቶ የአስጎብኚውን ምርጫ ለብሶ ገባ።

ጫካውን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ወፍ ዋሻ ደግሞ እኛ አገር አናት ላይ ነው፤ ከይፋት ቆላ ቀና ሲሉ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ስለዚህ አንዱን ግዙፍ ጽድ የአገሬን ሰው እንዳገኘ ሰው መታ መታ አደረግኩት። ንጉሡ አስተከሉት ቢባልም ከዚያ ወዲህ ተካዮቹ ወፎቹ ናቸው። ጽዱም ወይራውም ፍሬውን ያበላቸዋል፤ እነርሱም ፍሬውን ውጠው ዘሩን ሌላ ቦታ ከነማዳበሪያው ይጥሉታል። ወፍ ዘራሽ የምንለው ይህንኑ ነው። አባቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ወፍ ዘራሽ ተብሎ ሲናቅ እየሰማን አድገን፣ ከነገሥታት በኋላ ጫካ ጠብቀው ያቆዩት ወፎች ናቸው ቢሉን ማን ያምናል?

አንድ ሰዓት ሙሉ ስንሄድ ከኮቴያችንና ከእኔ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ለባልንጀራዬ ጠጋ ብዬ «ወፍ የለም!» አልኩት። እንደ አዲስ አበባ ልጅ ማለቴ ነው፤ ከንቱ ደከምን ለማለት። አስጎብኚው ግን ሰማኝና ፊቱ ጠቆረ።

«አለ እንጂ ጋሼ። እናንተ ዝም አላላችሁም እንጂ አለ።»

ዝም አልን። እውነትም ነበረ። መጀመሪያ አንድ ቦታ ትሽ የሚል ነገር፣ ከዚያ ከበላያችን ትር ትር የሚል፣ ከዚያ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሁለት ጠጠር እንደማጋጨት ያለ «ታክ፣ ታክ»። አስጎብኚው እጁን አነሣ።

«ዝግባው ላይ! ግንዱን መሀል አድርጉት፤ በ3 ሰዓት አቅጣጫ!»

ባልንጀራዬ ወደ ቀኝ አነጣጠረ። እኔ ወደ ግራ። የእጄ ሰዓት የተሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነዋ! 3 ሰዓት ሲሆን አጭሯ ዘንግ 9 ላይ ነው የምትቆመው፤ እንዲህ ሳነብ 40 ዓመት ኖሬያለሁ። ወፉ ከቀኝ በኩል ሲነሣ እኔ ከግራ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ የዛፍ ሽበት በጥሞና እየተመለከትኩ ነበር። ከዚያ በኋላ አስጎብኚው ሰዓቱን ትቶ «ወደ መኪናችሁ»፣ «ወደ ተራራው» እያለ ይመራን ጀመር።

ያመለጠኝ ወፍ በደግነቱ ተመለሰ። መጽሐፎቹ ቱራኮ የሚሉት ነው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ ያለበት። ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፤ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ቅጠል ይሆናል፣ በቅርንጫፉ ላይ እንደ ጦጣ ይሮጣል። ባይኖኩላሩን ተቀብዬ ቁልፉን ሳሽከረክር መጀመሪያ ጭጋግ፣ ከዚያ አንድ የቅጠል ጅማት፣ ከዚያ ድንገት አንዲት ዓይን አየሁ፤ ዙሪያዋን ቀይ የተኳለች፣ እኔን የምታይ። ትንፋሼን ያዝኩ። ወፉ ክንፉን ዘረጋና ተነሣ፤ ክንፉ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው! አረንጓዴ ካፖርት ከፍቶ ቀይ ገበር ያሳየ ሰው ይመስላል። የዚያ ቀይ ቀለም ምሥጢር መዳብ ነው። አብዛኛው ወፍ ቀይ የሚሆነው ከሚበላው ነገር ሲሆን፣ የቱራኮ ዘር ግን መዳብ ያለበትን ቀለም ራሱ ሠርቶ ላባው ውስጥ ያኖራል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚቆርጡት ሌቦች ይህን እስካሁን አለመስማታቸው ደግ ነው።

«ታክ፣ ታክ» ያለችው ደግሞ ወይራው ላይ ተገኘች። ግራጫ፣ አናቷ ላይ ቡናማ ቆብ ያደረገች፤ ወንዱ ቆቡ ጥቁር ነው አለን አስጎብኚው። «ይህች እንግዳ ናት፤ ከአውሮፓ ነው የመጣችው። ብርዱን ሸሽታ እዚህ ትከርማለች።» ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ እኔ ከስኳሬ በፊት በቀን ሻይዬ ውስጥ የምጨምረው ያህል። ከውጭ የሚመጣው ዘመዳችን 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ነው የሚገባው። እርሷ ሻንጣዋ ከቆዳዋ ሥር የያዘችው ስብ ነው፤ እርሱንም መንገድ ላይ ትጨርሰዋለች። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። የዚህች ወንዱ በአገሩ ጸደይ ሲመጣ አለ የተባለ ዘፋኝ ነው፤ እዚህ ግን ያው ጠጠር ማጋጨት ብቻ። እንግድነት ነው፣ ይገባኛል።

የጨነቀኝ ስማቸው ነው። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። አማርኛችን አፉ ላይ የያዛቸው ግን እርግብ፣ ዋኔ፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጉጉት፣ ግንደ ቆርቁር እያሉ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ያልቁበታል። ከዚያ ያነሰው ሁሉ ወፍ ነው፤ ከዚያ የበለጠው ሁሉ አሞራ። ስም አውጪነቱን ለእነርሱ ትተንላቸዋል መሰለኝ፤ ወፍ ያወጣለት ስም የሌለው አስተማሪ እኔ በበኩሌ አላጋጠመኝም።

ሌላው ዓለም ግን ለስም እንዴት እንደሚስገበገብ ባልንጀራዬ ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1990 ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ ጥናት ላይ የነበሩ ሰዎች መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው የሌሊት ወፍ ያገኛሉ። የሌሊት ወፍ ስል ያቺን ጥርስ ያላትን አይደለም፤ በሌሊት ነፍሳት የሚያድን ወፍ ማለቴ ነው (ይኸው፣ ስም የለንም አላልኳችሁም?)። ከወፉ የሚነሣ ነገር አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ይዘው ሄዱ፣ መረመሩ፣ ከሚታወቅ ወፍ ሁሉ ጋር አስተያዩ፤ ከአንዱም ጋር አልገጠመም። በ1995 በዚያች ክንፍ አዲስ ዝርያ ተመዘገበ። የሳይንስ ስሙም በላቲን «አንድ ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። እኔ ስንቱን ወፍ ከነሁለት ክንፉ፣ ከነጩኸቱ፣ ከነወንጀሉ እያየሁ አድጌ አንዱንም አልመዘገብኩም።

ለምሳ ሜዳው አፋፍ ላይ ተቀመጥን። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ባለቤቴ ዳቦና ቆሎ፣ ለወጉም ሽሮ ፍርፍር ቋጥራልኛለች። የቡናው ፔርሙዝ መኪና ውስጥ ቀርቷልና ባልንጀራዬን ላክነው። የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። በእርሱ ፈንታ የመጣው ቁራው ራሱ ነው፤ ያ ምንቃሩ ከራሱ የሚበልጠው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት የደጋ ቁራ። አሥር እርምጃ ያህል ርቆ አረፈና ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ፍርፍሩን ሳይሆን እኔን አየኝ። ዳቦ ቆረስኩለት። አስጎብኚው «አይለመድ ጋሼ» አለኝ። ለምዶታል እኮ።

ባልንጀራዬ ፔርሙዙን ይዞ ሲመለስ ነው ነገሩ የሆነው። ከሜዳው ማዶ፣ ከታጨደው ገብስ ዳር፣ አንድ መንጋ ወፍ ብር ብሎ ተነሥቶ ቃርሚያው ላይ አረፈ። 50 ይሆናሉ፣ 60። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ድንቢጥ የሚያካክሉ፣ ምንም የማይታይባቸው። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ አስጎብኚው ክንዴን ሲይዘኝ ነው።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ለምንድን ነው?»

እጄ ውስጥ ጠጠር ነበር። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። ለስንት ዓመት ማማ ላይ ያልወጣ እጅ፣ ቡናማ መንጋ ሲያይ ጠጠር ፍለጋ ወርዷል። ወንጭፍ ቢኖር ኖሮ...

ጠጠሩን ጣልኩት። አስጎብኚው ቅር ሳይለው ባይኖኩላሩን ከባልንጀራዬ አንገት ላይ አውልቆ ሰጠኝ። «የጀርባውን ታች፣ ከጅራቱ በላይ እይ። የዚያን ብቻውን ያለውን።» አየሁ። ቡናማ ወፍ፣ ቡናማ ክንፍ። ወፉ ጎንበስ ሲል ግን ክንፉ ገለጥ አለና ከወገቡ ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። እንደ ሎሚ፣ እንደ አደይ አበባ ቢጫ። እንደገና ከደነው።

«ምንድን ነው?»

«የመስቀል ወፍ ነዋ» አለኝ።

የመስቀል ወፍ የምንለው እንደየአገሩ ይለያያል፤ እነርሱ ጋ ቢጫና ጥቁሩ ነው፣ እኛ ጋ ቀይና ጥቁሩ። ነገራቸው ግን አንድ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዱ ለሴቷ ብሎ ያንን ላባ ይለብሳል፣ ሣሩ ላይ ክንፉን እያርገበገበ ይታያል፣ ጎጆ ይሠራል። ወራቱ ሲያልፍ የተከራየውን የሙሽራ ልብስ እንደሚመልስ ሰው ላባውን ጥሎ ሴቷ ዓመቱን ሙሉ የምትለብሰውን ቡናማ ይለብሳል። ከዚያ ከመንጋው ጋር እህል ለቀማ። የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም።

ማሽላችን ትዝ አለኝ። በመስከረም «ተው፣ የበዓል ነው» የተባለለት ወፍ፣ በጥቅምት መጨረሻ ልብሱን ቀይሮ እዚያው ዛላ ላይ ነበረ፤ እኔም በጠጠር ስከተክተው ነበር። ምናልባት አንኮበር ያለውንም እንዲሁ አልፌው ይሆናል። እዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ለሳይንስ የተዋወቀ፣ አንኮበር ሰሪን የሚሉት ወፍ አለ። እርሱን ፍለጋ ሰዎች አህጉር ያቋርጣሉ፤ መልኩ ያው ቡናማ ዝንጉርጉር ነው። ለገበያ ስንቴ አለፍኩ በዚያ።

ባልንጀራዬ የተገለበጠ ጃኬቱን እንደለበሰ ቡና ቀዳልኝ። «ምን አየህ?» አለኝ።

«አንተን» አልኩት።

ማታ ቤት ስገባ የእናቴ ሚስኮል ነበረ። ደወልኩላት።

«እህ፣ ወፉ እንዴት ዋለ?»

«እማዬ፣ የመስቀል ወፍ አየሁ።»

«በኅዳር?»

«በኅዳር! ልብሱን ቀይሮ። ያ ማሽላችንን ሲፈጅ የኖረው ቡናማው ወፍ የለም? እርሱ ራሱ ነው! የመስቀሉ ቀይ፣ ላባውን ሲጥል...»

«እሱንማ ማን አጣው» አለችኝ።

ዝም አልኩ። «ታውቂ ነበር?»

«ላባውን ሲጥል ማሳው ውስጥ እለቅመው አልነበር!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትወነጭፍ ነበር?» አለችና፣ «በል ካርድህ አለቀ» ብላ ዘጋችው።